የኒሞኮከስ መድኃኒት መላመድና የተጋላጭነት ምርመራ

ኒሞኮከስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ፣ የሳንባ ምችን ከሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች ዋነኛው ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ ይገድለው የነበረን አንቲባዮቲክ ተቋቁሞ መራባት ሲችል መድኃኒቱን ተላመደ ይባላል። ይህን ለማወቅ በላቦራቶሪ የሚደረገው ሥራ የተጋላጭነት ምርመራ ሲሆን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተለምዶ «ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ» ተብሎ ይታዘዛል።

ብዙ ሰው መላመድን «አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ አድርጎ ያስበዋል። በኒሞኮከስና በፔኒሲሊን ረገድ ግን መላመድ ደረጃ አለው። ያው አንድ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲገባ በፔኒሲሊን የሚድን በሽታ፣ የአንጎል ሽፋን ውስጥ ሲገባ ደግሞ በፔኒሲሊን የማይድን የማጅራት ገትር በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ከላቦራቶሪ የሚመጣውን ውጤት ለመረዳት ቁጥሩን፣ በሽታው ያለበትን የሰውነት ክፍልና የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ያሳያል። ለዚህ ሞት ከፍተኛ ድርሻ ካላቸው ስድስት ባክቴሪያዎች አንዱ ኒሞኮከስ ነበር።

ባክቴሪያው

ኒሞኮከስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚታይ ክብ መሰል ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ሉዊ ፓስተር በፈረንሳይ፣ ጆርጅ ስተርንበርግ ደግሞ በአሜሪካ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ለይተው አሳይተውታል። ውጫዊ ገጹ ከስኳር በተሠራ ሽፋን የተከበበ ሲሆን በዚህ ሽፋን ልዩነት ከ100 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል።

መኖሪያው የሰው አፍንጫና ጉሮሮ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ በተለይ በትንንሽ ልጆች ላይ ምንም ሕመም ሳያሳይ ለሳምንታት ይቀመጣል። ይህ ለመላመድ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ልጅ ለጆሮ ሕመም፣ ለተቅማጥ ወይም ለዓይን በሽታ አንቲባዮቲክ ሲወስድ በአፍንጫው የተቀመጠው ኒሞኮከስም አብሮ ያገኘዋል። ተጋላጮቹ ይሞታሉ፣ የተላመዱት ይተርፋሉ፤ ከዚያም በሳልና በንፍጥ ወደ ሌሎች ልጆች ይተላለፋሉ። ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ መድኃኒትን የሚላመደው ለራሱ ተብሎ ባልተሰጠ ሕክምና ነው ማለት ይቻላል።

እንዴት ይላመዳል?

ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ (አሞክሲሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶን ወዘተ) የሚሠሩት የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚገነቡ ፕሮቲኖች ላይ ተጣብቀው ሥራቸውን በማስቆም ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ይህን ጥቃት የሚመክቱት ቤታ-ላክታሜዝ በተባለ፣ መድኃኒቱን በሚቆርጥ ኤንዛይም ነው። ኒሞኮከስ ይህን ኤንዛይም አያመርትም። እሱ የሚለውጠው መድኃኒቱ የሚጣበቅባቸውን ፕሮቲኖች ቅርጽ ነው፤ ፔኒሲሊኑ ሳይቆረጥ ይደርሳል፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይይዝም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በየመድኃኒት ቤቱ መታወቅ ያለበት ነው። ኦግመንቲን በሚል ስም የሚሸጠው መድኃኒት አሞክሲሲሊንን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ይይዛል፤ የክላቩላኒክ አሲዱ ሥራ ቤታ-ላክታሜዝን ማገድ ነው። ኒሞኮከስ የሚታገድ ኤንዛይም ስለሌለው ይህ ተጨማሪ ነገር በእሱ ላይ ምንም አይጨምርም። የሚጠቅመው የአሞክሲሲሊኑን መጠን ከፍ ማድረግ ነው፤ ቅርጹ የተለወጠው ፕሮቲን መድኃኒቱን በደካማው ይይዛል እንጂ ጨርሶ አይገፋውም፤ ብዙ መድኃኒት ሲቀርብለት ይሸነፋል።

አዲሶቹ ፕሮቲኖች የተገኙበት መንገድ ደግሞ ከባዮሎጂ ታሪክ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ የሞተ ኒሞኮከስ ባሕርይውን ለሕያው ኒሞኮከስ ሊያወርስ እንደሚችል በአይጦች ላይ አሳየ። በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪና ሁለት ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ይህን ባሕርይ የሚያስተላልፈው ዲኤንኤ መሆኑን አረጋገጡ። የዘር ውርስ ቁስ ዲኤንኤ መሆኑ የታወቀው በዚሁ ባክቴሪያ ነው። ይኸው ችሎታ ነው ለመላመድ የጠቀመው፤ ኒሞኮከስ በአፍና በጉሮሮ ከሚኖሩ የሩቅ ዘመዶቹ፣ በተለይም ስትሬፕቶኮከስ ሚቲስ ከተባለው፣ የዲኤንኤ ቁራጭ እየለቀመ በራሱ ጂን ውስጥ ይሰፋዋል። የተላመደው ኒሞኮከስ ጂን ሲነበብ እንደ ድሪቶ የራሱና የሌላው ቁራጭ የተፈራረቀበት ሆኖ ይገኛል። አንድ ቁራጭ ሲጨመር መላመዱ በትንሹ ከፍ ይላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲጨመር ይበልጥ ያድጋል። ደረጃ በደረጃ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን ካሉበት የማክሮላይድ ቤተሰብ ጋር ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። ኢአርኤም-ቢ የተባለውን ጂን ያገኘ ኒሞኮከስ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን የራይቦዞም ቦታ ስለሚለውጥ መጠን በመጨመር አይሸነፍም። ኤምኢኤፍ የተባለውን ያገኘ ደግሞ መድኃኒቱን ከሴሉ እየቀዳ ያወጣዋል፤ በዚህኛው የሚገኘው መላመድ ዝቅ ያለ ነው።

የመላመዱ ታሪክ

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ከፔኒሲሊን በፊት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ጀርመናዊው ዩሊየስ ሞርገንሮት ከኪኒን የተሠራ ኦፕቶኪን የተባለ መድኃኒት በኒሞኮከስ ላይ ሞከረ። በዓመቱ በታከሙ አይጦች ውስጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ሲላመድ ታየ። ኦፕቶኪን የሰው ዓይን ስለሚጎዳ ለሕክምና ሳይሆን ቀረ፤ ሆኖም ኒሞኮከስን ከሌሎች ዘመዶቹ ለመለየት እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው በትንሽ የወረቀት ዲስክ መልክ አለ።

ፔኒሲሊን ሲመጣ ኒሞኮከስ ለረጅም ጊዜ ፍጹም ተሸናፊ ሆኖ ቆየ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ከሚገባው በታች መጠን መውሰድ ባክቴሪያዎችን መላመድ ሊያስተምር እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። በ1967 ከሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ ከአንዲት ታማሚ የተገኘ ኒሞኮከስ ከተለመደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፔኒሲሊን እንደሚያስፈልገው ተዘገበ። ጥቂት ቆይቶ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ተገኘ።

ዓለምን ያስደነገጠው ግን የደቡብ አፍሪካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በደርባን፣ ቀጥሎም በጆሃንስበርግ፣ ፔኒሲሊንን ብቻ ሳይሆን ክሎራምፌኒኮልን፣ ቴትራሳይክሊንንና ኤሪትሮማይሲንን ጭምር የተላመደ ኒሞኮከስ ሆስፒታል ከተኙ ልጆች ተለየ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርተ ዓመታት በስፔን፣ በሃንጋሪና በሌሎች አገሮች ተስፋፋ፤ በስፔን የታወቀ አንድ ዝርያ ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው ሲጓዝ በጂን ምርመራ ተከታትለውታል።

ናሙናው

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ባክቴሪያው መገኘት አለበት፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አክታ አውጥቶ አይሰጥም፣ ይውጠዋል። አዋቂው የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምራቅ ነው። ጥሩ ላቦራቶሪ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ የአፍ ሴል የበዛበትና የነጭ ደም ሴል ያነሰበት ከሆነ ሳይዘራ ይመልሰዋል። ከደም የሚለይ ኒሞኮከስ የበለጠ ያስተማምናል፤ ነገር ግን የሳንባ ምች ካለባቸው ሰዎች በደማቸው ባክቴሪያ የሚገኝባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ደሙ ከመቀዳቱ በፊት አንድ ጊዜ አንቲባዮቲክ መውሰድ እንኳ ይህን ዕድል በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ኒሞኮከስ ራሱም አስቸጋሪ ነው። የራሱን ግድግዳ የሚያፈርስ ኤንዛይም ስላለው እድገቱን ሲጨርስ ራሱን ያጠፋል። አድጎ ሳለ በጊዜው ያልታየ የደም ጠርሙስ ከቀናት በኋላ ባዶ መስሎ ሊገኝ ይችላል። ቅዝቃዜም አይወድም፤ የተቀዳ ደም ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ናሙናውን ማጥፋት ነው።

ምርመራው በላቦራቶሪ

በብዙ አገር የሚሠራበት የዲስክ ዘዴ መደበኛ መልኩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 በሲያትል፣ ባወር፣ ከርቢና ሁለት ባልደረቦቻቸው ባወጡት ሥራ ነው። ንጹሕ ሆኖ ከተለየው ባክቴሪያ ጥቂት ተወስዶ በጨው ውሃ ይበጠበጣል፤ ድፍርስነቱም ማክፋርላንድ 0.5 ከሚባለው መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያም በጥጥ ስዋብ በሙለር-ሂንተን አጋር ላይ ይቀባል። ኒሞኮከስ ያለ ደም ስለማያድግ በአጋሩ ውስጥ 5 በመቶ የበግ ደም ይጨመራል። የአውሮፓው ኮሚቴ የፈረስ ደም ይመርጣል። መድኃኒት የነከረ ወረቀት ከላይ ተቀምጦ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ኢንኩቤተር ውስጥ በ35 ዲግሪ ከ20 እስከ 24 ሰዓት ያድራል። መድኃኒቱ በአጋሩ ውስጥ ሲሰራጭ በዙሪያው ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ይፈጠራል፤ የክቡ ስፋት በሚሊ ሜትር ይለካል።

ጀማሪ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚስተው ክቡን ሲለካ ነው። ኒሞኮከስ ደሙን አረንጓዴ ያደርጋል፤ የሚለካው ግን እድገት የቆመበት ጠርዝ እንጂ የደሙ ቀለም የተለወጠበት ጠርዝ አይደለም። የአጋሩ ውፍረትም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አጋሩ ከሳሳ ክቡ ይሰፋል፣ የተላመደው ባክቴሪያም ተጋላጭ ይመስላል፤ ታማሚው የማይሠራ መድኃኒት ይሰጠዋል ማለት ነው።

ለፔኒሲሊን የሚቀመጠው ዲስክ የፔኒሲሊን አለመሆኑ አዲስ ተማሪን ግራ ያጋባል። የፔኒሲሊን ዲስክ ዝቅተኛ መላመድ ያለውን ከተጋላጩ አጥርቶ አይለይም፤ ስለዚህ ዘመዱ የሆነው የኦክሳሲሊን 1 ማይክሮግራም ዲስክ ይቀመጣል። ክቡ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ባክቴሪያው ለፔኒሲሊን ተጋላጭ ነው፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። 19 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን «ተላምዷል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ኦክሳሲሊን የሚጠቁመው ጥርጣሬን ብቻ ነው፤ ከጠባብ ክብ ጀርባ ፔኒሲሊን የሚያሸንፈውም የማያሸንፈውም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ ዝቅተኛው ገቺ መጠን፣ በላቦራቶሪ አጠራር ኤምአይሲ፣ መለካት አለበት።

ኤምአይሲ የባክቴሪያውን እድገት በዓይን እስከማይታይ ድረስ የሚያስቆም ትንሹ የመድኃኒት መጠን ነው። መድኃኒቱ በእጥፍ እየቀነሰ በተሞላባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ባክቴሪያው ይጨመርና ያላደገበት የመጀመሪያው ጉድጓድ ይነበባል። ሌላው መንገድ መጠኑ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየቀነሰ የሚሄድ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ አጋሩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ይህ ቀላል ቢሆንም ዋጋው ውድ ነው።

መሥሪያዎቹ ትክክል መሆናቸው የሚታወቀው ጠባዩ አስቀድሞ በሚታወቅ ባክቴሪያ በመፈተሽ ነው። ለኒሞኮከስ ኤቲሲሲ 49619 የተባለው ዝርያ በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። ይሁን እንጂ የኦክሳሲሊን ዲስክ በሙቀት ተበላሽቶ እንደሆነ ይህ ዝርያ አይናገርም፤ በጤነኛው ዲስክም ቢሆን ክቡ ጠባብ ነውና። ለዚያ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ኤቲሲሲ 25923 ያስፈልጋል፤ የእሱ ክብ ከ18 እስከ 24 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

አቅም ባነሳቸው ላቦራቶሪዎች ትልቁ ችግር ደሙ ነው። በግ ሞልቶ ባለበት አገር ንጽሕናው የተጠበቀና እንዳይረጋ የተደረገ የበግ ደም በየሳምንቱ ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም ይገባል። ይህ አይመከርም። የለጋሹ ደም አንቲባዮቲክ ወይም ባክቴሪያውን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ሊይዝ ይችላል፤ ሠራተኛውንም ለበሽታ ያጋልጣል።

ቁጥሩን መተርጎም

ኤምአይሲ ቁጥር ነው፤ ሐኪሙ የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ ፊደል ነው፦ ኤስ ተጋላጭ፣ አይ መካከለኛ፣ አር የተላመደ። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው የመለያ ነጥብ ነው፤ ነጥቡን የሚያወጡት ደግሞ የአሜሪካው ሲኤልኤስአይና የአውሮፓው ዩካስት ናቸው።

እስከ 2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ሲኤልኤስአይ ለኒሞኮከስና ለፔኒሲሊን አንድ ነጥብ ብቻ ነበረው፤ በሚሊ ሊትር 0.06 ማይክሮግራምና ከዚያ በታች ተጋላጭ፣ 2 እና ከዚያ በላይ የተላመደ። ነጥቡ የተወሰደው ከማጅራት ገትር ነበር። የአንጎል ሽፋን ከደም ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ፔኒሲሊን ጥቂት ስለሆነ በዚያ ትንሽ መላመድም ሕይወት ያጠፋል። ሳንባ ግን ደም በደንብ የሚደርሰው ነው። ሐኪሞች «የተላመደ» የተባለ የሳንባ ምች በደም ሥር በሚሰጥ በቂ ፔኒሲሊን ሲድን ደጋግመው አዩ። በመጨረሻ ነጥቡ ለሁለት ተከፈለ። ለማጅራት ገትር ከ0.06 በላይ የሆነው ሁሉ የተላመደ ተባለ፤ ለሌላው በሽታ በደም ሥር ለሚሰጥ ፔኒሲሊን እስከ 2 ድረስ ተጋላጭ፣ 4 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በላይ የተላመደ ሆነ።

በአሜሪካ በዚያ ወቅት ከማጅራት ገትር ውጭ ካሉ ታማሚዎች ከተለዩት ኒሞኮከሶች «የተላመደ» የሚባለው በአሮጌው ነጥብ 10 በመቶ ገደማ ነበር፤ በአዲሱ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረደ። ባክቴሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማስመሪያው ነው። ከ2008 በፊትና በኋላ የወጡ ጥናቶችን በመቶኛ ብቻ የሚያነጻጽር ጽሑፍ ሲያጋጥም የትኛው ነጥብ እንደተወሰደ ማየት ግድ የሚለው ለዚህ ነው። ዩካስትም በ2019 «አይ» የሚለውን ፊደል ትርጉም ቀይሮ «መጠኑ ከፍ ሲል ተጋላጭ» አድርጎታል። ይህ ከቀድሞው «መካከለኛ» የተሻለ አነጋገር ነው፤ «መካከለኛ» ሲባል ብዙ ሐኪም መድኃኒቱን ጭራሽ ይተወው ነበርና።

ሌሎች የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች

ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ ከኒሞኮከስ በተቃራኒ ቤታ-ላክታሜዝ ያመርታል፤ አምፒሲሊንን የተላመደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አጋማሽ ታወቀ። ኒትሮሴፊን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቀይ ሲለወጥ ኤንዛይሙ መኖሩ ይረጋገጣል። እዚህ ላይ ክላቩላኒክ አሲድ ይጠቅማል። ማይኮፕላዝማ ኒሞኒዬ ደግሞ ጭራሽ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ ግድግዳ የሚያጠቃው የፔኒሲሊን ቤተሰብ በሙሉ አይነካውም። ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው የሚቋቋም ሲሆን በተለይ በሆስፒታል ውስጥ በሚይዝ የሳንባ ምች ላይ የመጨረሻ መድኃኒት የሚባሉትን ካርባፔኔሞች ጭምር የተላመደ ዝርያው አስጊ ሆኗል።

በኢትዮጵያ

በአገሪቱ አብዛኛው የልጆች የሳንባ ምች የሚታከመው ላቦራቶሪ በሌለበት ነው። በጤና ኬላ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሕፃኑን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ኮትሪሞክሳዞል በመላመድ ምክንያት እየደከመ ሲሄድ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በውሃ በሚሟሟ አሞክሲሲሊን ተተክቷል። ለዚያ ሕፃን ማንም ኤምአይሲ አይለካለትም። መድኃኒቱ የሚመረጠው በጥቂት ሆስፒታሎች ከተለዩ ባክቴሪያዎች በተሰበሰበ መረጃ ነው፤ አንድ ላቦራቶሪ የአጋሩን ውፍረት ሲያሳስት ጉዳቱ በዚያ ሆስፒታል ብቻ የማይቀረው ስለዚህ ነው።

መላመድ እንዴት ከሕዝብ ሕክምና እንደሚወለድ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ምሥራቅ ጎጃም ነው። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ትራኮማን ለማጥፋት በተደረገ ጥናት የተወሰኑ ቀበሌዎች ልጆች በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ተሰጣቸው። ከመጀመሩ በፊት በልጆቹ አፍንጫ ከነበረው ኒሞኮከስ አንጻር ሲታይ መድኃኒቱን የተላመደ የተገኘባቸው ከ4 በመቶ በታች ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ 47 በመቶ ገደማ ደረሱ። ነገሩን ቀላል ፍርድ እንዳይሰጠው የሚያደርገው ሌላው ግኝት ነው፤ በዚሁ ጥናት መድኃኒቱን ባገኙት ቀበሌዎች የልጆች ሞት ካላገኙት በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። በጉራጌ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የጅምላ እደላው ከቆመ በኋላ የተላመደው ኒሞኮከስ በሁለት ዓመት ውስጥ በብዙ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ክትባትና መላመድ

የኒሞኮከስ ክትባት የሚያነጣጥረው በሽፋኑ ዓይነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ 7 ዓይነቶችን የያዘው ክትባት ሲጀመር መድኃኒትን ከተላመዱት ብዙዎቹ ከእነዚሁ ዓይነቶች ስለነበሩ የተላመደ ኒሞኮከስ የሚያመጣው ከባድ በሽታ በክትባቱ ቀነሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በክትባቱ ውስጥ ያልነበረውና ብዙ መድኃኒት የተላመደው 19ኤ ቦታውን ያዘ፤ በ2010 የመጣው 13 ዓይነቶችን የያዘው ክትባት እሱን ጨመረ። ኢትዮጵያ 10 ዓይነቶችን የያዘውን ክትባት በ2011 በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለሕፃናት መስጠት ጀመረች። በዚያ ክትባት ውስጥ 19ኤፍ እንጂ 19ኤ አልነበረም፤ ስለዚህ ከታማሚ በተለየ ኒሞኮከስ ላይ የመድኃኒት ተጋላጭነቱን ብቻ ሳይሆን የሽፋኑን ዓይነትም መለየት የክትትሉ አካል ነው።